የአሜከላ እርሻና የቤቱ ቁልፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንደምናውቀው ሁሉ የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የመልካም መዓዛ ቀን፣ የዕንባ ቀንም ይባላል። ይህን ስያሜ ያገኘው አባቶቻችን ማርያም እንተ ዕፍረት የሚሏት ሴት በእንባዋና በሽቱዋ ወደ ጌታችን የቀረበችበት መታሰቢያ ስለሆነ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እንደምናነበው ፈሪሳዊው ስምዖን በልቡ ሲያማት፣ ጌታችን ግን ኃጢአቷን ይቅር ብሎ በሰላም አሰናበታት። ንባቡ እዚህ ላይ ይፈጸማል።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ምዕራፍ በጥናት ክፍላችን ስንመለከት ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ «ያች ሴት ከስምዖን ቤት ከወጣች በኋላ ያን ሌሊት የት አደረች?» ስትል ጠየቀች። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሽቱዋን በሙሉ አፍስሳዋለች። ስትተዳደርበት የነበረውን ሥራ ትታለች። የከተማው ሰው ሁሉ ማን እንደነበረች ያውቃል። የቀድሞ ደንበኞቿም ሲመሽ በሯን ማንኳኳታቸው አይቀርም። ይቅርታን ተቀብላለች፤ ማደሪያስ አላት ወይ? ወንጌል ይህን አልጻፈልንም። ምናልባት ያልተጻፈው የእኛ ድርሻ ስለሆነ ይሆናል ብለን ተነጋገርን።

ይህ ትምህርት ከዚያ ጥያቄ የተወለደ ነው። በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ተይዘው በጎዳና ሲንከራተቱ የነበሩ ሴቶች ተቀምጠው ስለሚያገግሙበት አንድ ቤት እንማማራለን። ቤቱ የሚገኘው በአሜሪካ፣ በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

የናሽቪሉ ቤት በተከፈተ ጊዜ የተሰጠው ስም «መግደላዊት» የሚል ነበር። በዚህ ስም ምክንያት ወደ ናሽቪል ከመድረሳችን በፊት በአየርላንድ በኩል ማለፍ ግድ ይለናል። ምዕራባውያን ከብዙ ዘመን ጀምሮ መግደላዊት ማርያምንና ባለ ሽቱዋን ሴት አንድ አድርገው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለዚህም መስፋፋት ዋናው ምክንያት የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ በ591 ገደማ ያሰማው ስብከት ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሉቃስ በምዕራፍ 8 ስለ መግደላዊት የሚነግረን ሰባት አጋንንት እንደወጡላትና ጌታችንን ከገንዘባቸው ከሚያገለግሉት ሴቶች አንዷ እንደነበረች ነው። ስለ ዝሙት አንድም ቃል አልተጻፈባትም። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ1969 የበዓላት መቁጠሪያዋን ስታሻሽል ሁለቱን ለይታለች። ይሁን እንጂ ስሙ አስቀድሞ «የወደቀች ሴት» የሚል ትርጉም ይዞ ዓለምን ዞሮ ነበር።

በዚህ ስም የተጠሩ ቤቶች በ1758 በለንደን፣ በ1767 ደግሞ በደብሊን ተከፈቱ። ሴተኛ አዳሪነትን ትተው ንስሐ ለሚገቡ ሴቶች መጠጊያ ይሆናሉ ተብሎ ነው የተጀመሩት፤ የመነሻው አሳብ መልካም ነበር ማለት ይቻላል። እያደር ግን በአየርላንድ ያሉት ወደ ልብስ ማጠቢያነት ተለወጡ። በራቸው ይቆለፋል፤ የሴቶቹ ጠጉር ይቆረጣል፤ ስማቸው ይለወጣል፤ የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ደመወዝ ያጥባሉ። ከገቡትም መካከል ብዙዎቹ ሴተኛ አዳሪ ሆነው የማያውቁ፣ ያለ ጋብቻ የወለዱ፣ ወላጅ የሞተባቸው፣ ወይም ድህነት ብቻ የነበረባቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ከ1922 ጀምሮ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በእነዚህ ቤቶች ማለፋቸውን በ2013 የወጣው የመንግሥት ዘገባ አስታውቋል። በ1993 በደብሊን ከአንዱ ቤት ግቢ መሬት ሲሸጥ ከ150 በላይ የሴቶች አጽም ከመቃብር ተነሥቷል። የመጨረሻው ቤት የተዘጋው በኦክቶበር 1996 ነው። በፌብሩዋሪ 2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በምክር ቤት ቆመው ስለ ደረሰው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን ሁሉ ያደረጉት አረማውያን አይደሉም። መስቀል በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ጸሎት በየሰዓቱ እየተደረሰ ነው የተደረገው። በጎ አድራጎት የሚባለው ነገር ከየት ላይ መንገዱን እንደሳተ በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። ገንዘብ ነው ያልን አለን፤ ትዕቢት ነው ያልንም አለን። አንድ ወንድማችን ግን፣ «ነገሩ ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ነው» አለ። በዚያ ቤት ቁልፉ የነበረው በጠባቂዎቹ እጅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ ናሽቪል እንሻገር። የመጨረሻው የአየርላንድ ቤት በተዘጋ ማግስት፣ በ1997፣ ቤካ ስቲቨንስ የተባለች የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ካህን በዚያው ስም አምስት ሴቶች የሚኖሩበትን የመጀመሪያውን ቤት ከፈተች። (የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴትን ለክህነት እንደማትሾም የታወቀ ነው። ስለ ክህነት ሌላ ጊዜ በሰፊው እንማራለን። አሁን የያዝነው የደጉ ሳምራዊን ነገር ነውና፣ ጌታችን ከሳምራዊ እንድንማር ካዘዘን እኛም ከዚህች ሴት ሥራ ብንማር የሚነቅፈን ያለ አይመስለንም።)

ይህች ሴት ሥራውን ለምን እንደጀመረች ራሷ በአደባባይ ስትናገር ኖራለች። አባቷ ካህን ነበር። አምስት ዓመት ሲሆናት ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቶ ገደለው። አባቷ ከሞተ በኋላ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ በልጅነቷ አስነወራት። ስለዚህ በጎዳና ላይ ያሉትን ሴቶች ስታገኛቸው እንግዳ አልሆኑባትም። የብዙዎቹ ታሪክ እንደ እርሷ በልጅነታቸው ከደረሰባቸው ግፍ ይጀምራል። ከዚያ ከቤት መኮብለል ይከተላል፤ ከዚያ ያን ሥቃይ ለመርሳት መጠጥና ዕፅ፤ ከዚያ ዕፁን ለመግዛት ገላን መሸጥ፤ ከዚያ እስር ቤት። ከእስር ሲፈቱ ደግሞ መሄጃ ስለሌላቸው ወደዚያው ጎዳና ይመለሳሉ። እኛ «በገዛ እጇ ነው» ብለን የምንዘጋው መዝገብ መጀመሪያው ገጽ ላይ የሌላ ሰው እጅ አለበት ማለት ነው።

የቤቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። አንዲት ሴት ስትገባ ኪራይ አትከፍልም፤ ለምግቡም ለሕክምናውም ገንዘብ አትጠየቅም። የምትቆይበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሕክምና ታገኛለች፤ የውስጧን ቁስል የሚያዳምጥ አማካሪ ታገኛለች፤ ያቋረጠችውን ትምህርት እንድትቀጥልም ትረዳለች። እጅግ የደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። በቤቱ ውስጥ አብሮ የሚያድር ጠባቂ ወይም ተቆጣጣሪ የለም። ሴቶቹ ራሳቸው ያበስላሉ፤ ራሳቸው ያጸዳሉ፤ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። የቤቱም ቁልፍ ይሰጣቸዋል። ከትናንት ወዲያ ከእስር ቤት ወይም ከድልድይ ሥር የመጣች፣ ማንም ሰው አምኗት የማያውቅ ሴት፣ የቤት ቁልፍ በእጇ ይዛ ትተኛለች።

ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ያልነውን ብንደብቅ ውሸት ይሆናል። «ዕቃውን ሸጠው ቢጠፉስ?» አልን። ይህን ያልነው በሙዳየ ምጽዋታችን ላይ ሁለት ቁልፍ ያለን ሰዎች ነን።

ሁለት ዓመት ለምን አስፈለገ? አንድ ወር ተኩል፣ ግፋ ቢል ሦስት ወር አይበቃም ወይ? ይህን ለመመለስ ስለ ሱስ ጥቂት ማወቅ ያሻል። ከመካከላችን በሕክምና ትምህርት ላይ ያሉት እንዳስረዱን፣ ሱስ የፈቃድ ድካም ብቻ አይደለም። የሰው አእምሮ ደስ የሚያሰኘውንና ለሕይወት የሚያስፈልገውን ነገር እየመዘገበ «ድገመው» የሚል ሥራ አለው። መጠጥና ዕፅ ይህን ሥራ ያዛቡታል። አእምሮው ከእንጀራና ከልጅ ይልቅ መጠጡን ያስቀድማል። መጠጡ ከተወ በኋላም ቢሆን መዝገቡ ወዲያው አይፋቅም። የቆየ ሽታ፣ የታወቀ ዘፈን፣ የቀድሞ ጓደኛ፣ የደመወዝ ቀን፣ እነዚህ ሁሉ የተኛውን ይቀሰቅሱታል። በዚህም ላይ የሴት ገላ ከወንድ ገላ ያነሰ ውኃ ስለሚይዝ፣ እኩል ክብደት ያላቸው ወንድና ሴት እኩል ቢጠጡ በሴቲቱ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል፤ ጉዳቱም ቶሎ ይደርስባታል።

ሌላም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። ለብዙ ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ያልበዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሚጥል በሽታን የመሰለ መንዘፍዘፍ ወይም መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ይህ ሁኔታ የአጋንንት ጩኸት መስሎ የሚታይበት ጊዜ ስላለ፣ ሰውየውን አስሮ ከማስጮኽ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ጠበልና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ ብዙዎች ከዚያ በፊት መድኃኒታቸውን ይተዉ ነበር። የሱስም ነገር በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባል ብለን እናምናለን። በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ለሱስ ሕክምና እንደሚሰጥ ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? ጠይቀን ነበር፤ እጃቸውን ያወጡት ሦስት ብቻ ናቸው።

የሁለት ዓመቱን ነገር ደግሞ የገዳም ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል። አንድ ሰው ዛሬ መጥቶ ነገ አይመነኩስም፤ በአመክሮ ይቆያል። ቤካ ስቲቨንስ ከሴቶቹ ጋር የደነገገቻቸው የአብሮ መኖር መመሪያዎች 24 ሲሆኑ፣ አርአያ ያደረገችውም በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረውን የአባ ቤኔዲክቶስን የገዳም ሥርዓት ነው። ቤኔዲክቶስ ደግሞ ከአባ ጳኩሚስ ጀምሮ የመጣውን የማኅበር ኑሮ የተከተለ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ ብዙ የራቀ አይደለም። በአገራችን የአንድነት ገዳም የምንለው፣ አንድ ማዕድ፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ሥራ ያለው ኑሮ ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ብቻውን ሆኖ ከጠላት ጋር መታገል ለበቁት ነው። ለጀማሪ ግን ማኅበር ያስፈልገዋል። ከሱስ የምትወጣ ሴት ከጀማሪም ጀማሪ ናት።

ጠዋት ጠዋት ሴቶቹና አብረዋቸው የሚሠሩት ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ሻማ ይለኩሳሉ። ሻማው የሚለኮሰው እስካሁን በጎዳና ላይ ሆና ወደ ቤት የምትገባበትን መንገድ ለምትፈልገው ሴት ነው። ስሟን አያውቁትም። ከዚያ እያንዳንዷ ተራ በተራ ትናገራለች። ያላሰኛት ዝም ትላለች።

በ2001 ሌላ ችግር ተገለጠ። ሴቶቹ ከሱሱ ተላቀው፣ ጤናቸው ተመልሶ፣ ሥራ ሲፈልጉ የሚቀጥራቸው ታጣ። የእስር ቤት መዝገብ አላቸው፤ ለዓመታት የሠሩበት የምስክር ወረቀት የላቸውም። ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚመለስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሻማና የገላ ቅባት እየሠሩ የሚሸጡበት ድርጅት ተቋቋመ። ስሙንም «የአሜከላ እርሻ» አሉት። ሴቶቹ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። በ2013 ደግሞ የሻይና የቡና ቤት ተጨመረ። የአየርላንዶቹም ሴቶች ይሠሩ ነበር። ሆኖም እነዚያ የሚሠሩት ኃጢአታቸውን እንዲከፍሉ ሲሆን፣ እነዚህ ግን የቤት ኪራያቸውን እንዲከፍሉ ነው። (ይህ የሥራ ነገር አገራችንንም ነክቷል። መቀመጫውን በዚያው በናሽቪል ያደረገ፣ ዛሬ ኤብል የሚባል ድርጅት በ2010 የተጀመረው በአዲስ አበባ ከሴተኛ አዳሪነት በወጡ ሴቶች እጅ የተሸመነ የአንገት ልብስ በመሸጥ ነው።)

ስለ ስሙ ትንሽ እንቆይ። አሜከላ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ከእሾህ ጋር የተጠቀሰው የእርግማን ተክል ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ በለስ እንደማይለቀምበት ተነግሯል። ገበሬው ኮሸሽላ የሚለው የዚሁ ወገን ነው፤ ከብት አይበላውም፤ በባዶ እግር የረገጠው ያውቀዋል። ይህ ተክል በናሽቪል ሴቶቹ በሚመላለሱባቸው መንገዶች ዳርና በባዶ ቦታዎች ላይ ይበቅላል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅ አያጠፋውም። አናቱ ላይ ግን የሚያወጣው አበባ ሐምራዊና ለስላሳ ነው። ሴቶቹ ይህን አረም ከመንገድ ዳር እየሰበሰቡ ወረቀት ሠርተውበታል፤ ወረቀቱም የሚሸጡትን ዕቃ ማሸጊያ ሆኗል። ማንም የማይዘራውን፣ ማንም የእኔ ነው የማይለውን ነገር ዋጋ አወጡለት። ይህን በወሬ ከመስማት ይልቅ ኮሸሽላ አንሥቶ አበባውን በጣት መዳሰስ ይሻላል፤ እኛ ሞክረነዋል፤ እሾሁም አልቀረልንም።

ከአባቶች ታሪክም አንድ እንጨምር። በኤዴሳ አቅራቢያ ይኖር የነበረ አብርሃም የተባለ ባሕታዊ ነበር። ታሪኩ በቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ስም ይነበባል። ወላጆቿ የሞቱባትን የወንድሙን ልጅ ማርያምን በበዓቱ አጠገብ አሳደጋት። ካደገች በኋላ አንድ በመነኩሴ ስም የሚመላለስ ሰው አሳታት። እርሷም «ከእንግዲህ አጎቴን በምን ፊቴ አየዋለሁ» ብላ ሸሽታ በሌላ ከተማ በዝሙት ቤት ገባች። ሁለት ዓመት አለፈ። አብርሃም የት እንዳለች ባወቀ ጊዜ የወታደር ልብስ ለበሰ፤ ፊቱን የሚሸፍን ቆብ ደፋ፤ በፈረስ ተቀምጦ ሄደ። ለስንትና ስንት ዓመት ሥጋና ወይን ያልቀመሰ ባሕታዊ በዚያ ቤት እንደ ደንበኛ ተቀምጦ ሥጋ በላ፤ ወይን ጠጣ። ብቻቸውን ሲሆኑ ቆቡን አወለቀ። እርሷ ደርቃ ቀረች። አልተቆጣትም፤ ኃጢአቷ በእኔ ላይ ይሁን አላት። ወርቅና ልብስ አለኝ፣ ምን ላድርገው ብትለው፣ ተዪው አላት። ከዚያ እርሷን በፈረሱ ላይ አስቀምጦ እርሱ በእግሩ እየመራ ወሰዳት። ከቤት ሲደርሱም እርሱ ይኖርበት የነበረውን የውስጠኛውን ክፍል ለእርሷ ሰጥቶ እርሱ በውጭው ተቀመጠ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁላችን የምንወደው ክፍል የወታደሩ ልብስ ነው። ለእኛ ግን ከዚያ ይልቅ የከበደን የክፍሉ ነገር ነው። የራሱን ክፍል ሰጣት።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትተናል። በመጨረሻ ግን ሌሎችን ብቻ ጠቅሰን ብንተወው ስምዖንን እንመስላለን ብለን ወሰንን። ከእኛ ጋር በመዝሙር ክፍል ያደገች አንዲት እኅት ነበረችን። ትምህርቷን አቋርጣ በመጠጥ ቤት በአስተናጋጅነት ተቀጠረች። ከሥራው ጋር መጠጡ መጣ፤ ከመጠጡ ጋር ጫቱ። እናቷ ለምነው፣ የንስሐ አባቷ መክረው፣ ጠበል ገብታ ሁለት ወር ቆየች። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። በእልልታ ተቀበልናት። በዚያው እሑድ መድረክ ላይ አውጥተን፣ ከሦስት መቶ ሰው ፊት፣ የነበረችበትን ሁሉ አስነገርናት። ትግል ላይ መሆኗን ሳናስብ ድል ያደረገች አስመሰልናት። ጉባኤው አለቀሰ፤ እኛም ጥሩ መርሐ ግብር ነበር ብለን በቃለ ጉባኤ ጻፍን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን ነበር። ጠላ ቀረበ። እርሷ «ይቅርብኝ» አለች። «ጠጪ እንጂ! የመልአኩ ጠበል ጠዲቅ እኮ ነው» አልናት። «ግድ የላችሁም፣ ውኃ ይበቃኛል» አለች። «ጠላ ምን ያደርጋል? እንዲህማ ማኅበሩን አትናቂ» አልናት። በሦስተኛው ተቀበለችን። አንድ ጣሳ ጠጣች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ራሷ ጠየቀች። ያን ጊዜ «አያችሁ፣ ለመደች» ብለን የሳቅን አለን። በዚያች ማታ ወዴት እንደሄደች ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ከወር በኋላ አንድ እሑድ ወደ ጉባኤ መጣች። አረቄ አረቄ ትሸታለች። ከኋላ ተቀመጠች። በአጠገቧ የነበሩት አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ። ማንም አልሰደባት፤ ማንም ውጪ አላላት። ባዶ ወንበር ብቻ ከበባት። የዕለቱ ትምህርት ርእስ ስለ ጠፋው በግ ነበር። ትምህርቱ ሳያልቅ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወደ ጉባኤ አልመጣችም።

ናሽቪል ያለውን ዓይነት ቤት ለመክፈት እኛ አቅም የለንም። ገንዘቡም ዕውቀቱም የለንም። ተማሪዎች ነን፤ ግማሾቻችን ራሳችን በወላጅ ቤት ነን። ነገር ግን በዚያች ሴት ላይ የተዘጋው በር የኪራይ ቤት በር አልነበረም። ጣሳውን የያዝነው እኛ ነን። ወንበሩንም የለቀቅነው እኛ ነን። አንዳንድ ወንድሞች «ራሷ ካልጠነከረች ማን ሊያጠነክራት ነው?» ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው፤ የናሽቪሎቹም ሴቶች ወድቀው የሚመለሱ አሉ፣ ቤቱ ሁሉንም ያድናል የሚል የለም። ሆኖም የወደቀች ሴት ተመልሳ የምታንኳኳው በር መኖሩና አለመኖሩ ትልቅ ልዩነት ነው።

ባለፈው ወር የማኅበራችን አባላት ተሰብስበን ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛው፣ ከጠላው ጎን ያልፈላ የማር ብርዝና ውኃ እኩል ሆኖ እንዲቀርብ፣ የሚቀርበውም ሳይጠየቅ እንዲሆን፣ «ይቅርብኝ» ያለን ሰው ማንም ሁለተኛ እንዳይጠይቀው ነው። በማሩ ዋጋ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ጠላውን በማሳነስ ተፈታ። ሁለተኛው፣ ከሱስ የወጣን ሰው ራሱ ፈልጎ ካልጠየቀ በቀር መድረክ ላይ እንዳናወጣ ነው።

ስለ እኅታችን ሁለት እኅቶች ተመርጠው ወደ ቤቷ ሄደው ነበር። በሩን የከፈቱላቸው እናቷ ናቸው። «ምነው ልጆቼ፣ ዘንድሮ ነው የምትመጡት?» አሉና አስገብተው ቡና አፈሉላቸው። እርሷ በጓዳ ነበረች። አልወጣችም። ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ግን በመጋረጃው ውስጥ ሆና፣ «በሚመጣው ሳምንትም ትመጣላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አዎን አሏት። ይህ ጽሑፍ በሚባዛበት ቀን ሦስተኛ ጊዜ ሄደዋል፤ ከዚህ ቀጥሎ ባለው እሑድ የሚሄዱት ሌሎች ሁለት ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።